ቁልቁለት ላይ ያልቆመው ብስክሌተኛ

አንድ ብስክሌተኛ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ሥራው አገር ለማየት የሚመጡ ሰዎችን በብስክሌት እየመራ ተራራማውን የጥንት አገር ማስጎብኘት ነበር። አራት ቀን የሚፈጀውን፣ ሰባት ዳገትና ሰባት ቁልቁለት ያለውን መንገድ የቀየሰው እሱ ራሱ ነው። በመንገዱ ላይ የነገሥታት ግቢ ፍርስራሽ አለ፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በኖራ የተገነባ የድሮ ድልድይ አለ። መንገዱ ከከተማ ተነስቶ ተራራውን ከዞረ በኋላ በሌላ በኩል አድርጎ ከተማ ይገባል። ይርዳው በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። በሄዱበት መንገድ መመለስ የሰነፍ ቀያሽ ሥራ ነው ይላል።

ሰዎች ይህን ሁሉ የሚደክመው ለእንጀራው ይመስላቸው ነበር። ለእንጀራውም ነው፤ ማን ለእንጀራው የማይደክም አለ? ነገር ግን ይርዳው መጀመሪያ ብስክሌት ላይ የወጣው እህቱን ሊፈልግ ነው።

ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ክፉ ቀን መጣ። ዝናብ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ አባቱም ሞተ። አንድ ዓይና እናቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ተሰደደች። በሦስተኛው ቀን ከድሮው ድልድይ ሲደርሱ የአምስት ዓመቷ አንጓች መራመድ አቃታት። እናትየው ደግሞ የምታዝልበት ጉልበት አልነበራትም። በዚያ ሰዓት አንድ ባልና ሚስት በቅሎ ጭነው ድልድዩን ሲሻገሩ አገኘች። ልጅ አልነበራቸውም፤ ስንቅ ግን ነበራቸው። እናትየው ልጅቷን አንስታ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠቻት። ስማቸውን አልጠየቀችም፤ አገራቸውንም አልጠየቀችም። ከጠየቀች እግሯ እምቢ እንደሚላት አውቃ ይሆናል። ይርዳውን በእጁ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች።

ከተማ ገብታ ሃያ ዓመት ኖረች። በነዚያ ሃያ ዓመታት የልጅቷን ስም አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም። ልትሞት ሰሞን ግን ይርዳውን ጠርታ፣ «ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ» አለችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር የለም። ይርዳው ከእናቱ የወረሰው ቤትም መሬትም አልነበረም፤ ይህችን ቃል ነው።

እናም እናቱን በቀበረ በሁለተኛው ዓመት ያንን መንገድ ቀየሰ። ያንን ተራራማ አገር በዓመት ሦስት ጊዜ ከዞርኩ አንድ ቀን አገኛታለሁ አለ። ጎብኚዎቹ የነገሥታቱን ግድግዳ ፎቶ ሲያነሱ እሱ የመንደሩን ሴቶች ፊት ይመለከት ነበር።

ሲጠይቅ ደግሞ ዳገት ላይ ነው የሚጠይቀው። ዳገት ላይ ብስክሌተኛ ምን ምርጫ አለው? ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ፔዳሉ እምቢ ይላል፤ ወርዶ መግፋቱ አይቀርም። የሚገፋ ሰው ደግሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ውሃ ይለምናል፣ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። ይርዳው እንደዚያ በተቀመጠ ቁጥር ይጠይቃል። «ወገኖቼ፣ በክፉው ቀን ከድልድዩ ላይ ከአንድ ዓይና እናት ልጅ የተቀበሉ፣ በቅሎ የሚጭኑ ባልና ሚስት ታውቃላችሁ? ልጅቷ አንጓች ትባል ነበር።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከዚያ «አንጓች የምትባል አናውቅም፤ እግዜር ያገናኝህ» ብለው ይመርቁታል። በሰባቱም ዳገት ያልጠየቀው ሰው አልነበረም። አንዳንዶቹን ሦስቴና አራቴ ጠይቋቸዋል፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ዛሬም አላገኘናትም!» ይሉት ነበር።

ቁልቁለት ላይ ግን አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም።

እስኪ አትፍረዱበት። ለብስክሌተኛ ቁልቁለት ማለት የላቡ ዋጋ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ላይ የገፋ ሰው ሩብ ሰዓት ወደ ታች ሲበር ያንን ሩብ ሰዓት ለማንም አያካፍልም። ይርዳው ለቡድኑ ሕግ ሁሉ አውጥቶ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ያለ አደጋ ፍሬን የያዘ ሰው ራት ይጋብዛል። ጎብኚዎቹ ይህን ሕግ በጣም ይወዱታል። እሱ ራሱ በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ራት ጋብዞ አያውቅም።

በአምስተኛው ቁልቁለት፣ መንገዱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንዲት ጎጆ ነበረች። ከጎጆዋ ደጃፍ አንዲት ሴት በቅል ውሃ ይዛ ትቆማለች። ብስክሌተኞቹ ብቅ ሲሉ እጇን ከፍ አድርጋ ትጣራለች።

«ኧረ ቆም በሉ! ውሃ ቅመሱ! አንድ ነገር ልጠይቃችሁ!»

የሚሰማት የለም ማለት አይቻልም፤ ይሰሟታል። ንፋሱ ግን በጆሯቸው ያፏጫል፣ ጎማው ይበራል፣ ሁሉም እየሳቁ ያልፏታል። ይርዳው ጨዋ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ አያልፍም። በአገራችን «ግባ» ለሚል ሰው የሚሰጠውን መልስ ይሰጣታል። እጁን ያነሳና «ስመለስ እህቴ! ስመለስ!» ይላታል። ይህን ሲል መታጠፊያውን አልፎ ሄዷል።

አንድ ጊዜ፣ ለሁለተኛ ዓመት ከቡድኑ ጋር የመጡ ጡረተኛ መምህር ይህን አይተው ኖሮ ከቁልቁለቱ ግርጌ ሲደርሱ፣ «ልጄ፣ ያቺን ሴት አምናም ስትጠራህ አይቻለሁ፤ ለምን አንድ ቀን አትቆምላትም?» አሉት።

«ቁልቁለት ላይ የሚቆም ብስክሌተኛ አይተው ያውቃሉ? ስመለስ እቆምላታለሁ ብያታለሁ» አላቸው እየሳቀ።

«መንገድህ እኮ ክብ ነው። በየት በኩል ነው የምትመለሰው?»

ይርዳው አሁንም ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፤ ነገር ግን ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንግዳ ናቸውና የሰው ሥራ ውስጥ መግባት አልፈለጉም።

በአሥራ ስምንተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ። ወደ አምስተኛው ተራራ የሚያወጣው ዳገት ተናደ፤ መንገዱም ገደል ገባ። ይርዳው መስከረም ሲጠባ መንገዱን በግልባጩ መጓዝ ይቻል እንደሆነ ለማየት ብቻውን ሄደ። ስለዚህ ያንን አምስተኛ ቁልቁለት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ወጣው። ሲወርዱት ሩብ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሲወጡት ግማሽ ቀን ሆነ። ከመሐል ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ወርዶ መግፋት ጀመረ።

ከመታጠፊያው ሲደርስ ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። አንድ ጠና ያለ ገበሬ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል።

«እንደምን ዋሉ» አለ ይርዳው፤ ትንፋሹ ቃሉን ቆራረጠው።

«እግዚሃር ይመስገን። ኧረ አረፍ በል ወንድሜ፤ ልብህ ሊወጣ ነው እኮ።» ገበሬው ተነስቶ ውሃ በቅል አመጣለት። «እናንተ ብስክሌተኞች ከላይ ስትወርዱ እንጂ ከታች ስትወጡ አይቼ አላውቅም።»

«ያኛው መንገድ ተናደብን።» ይርዳው ጠጣ፣ ተቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያም ዳገት ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገውን አደረገ። ተስፋ ኖሮት አይደለም፤ አፉ ስለለመደ ነው። «ጋሼ፣ በክፉው ቀን ከድልድዩ ላይ ከአንድ ዓይና እናት ልጅ የተቀበሉ፣ በቅሎ የሚጭኑ ባልና ሚስት ያውቃሉ? ልጅቷ አንጓች ትባል ነበር።»

የገበሬው እጅ ቀንበሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነው የሚፈልጋት?»

«እኔ ነኝ። ወንድሟ ነኝ።»

ገበሬው አተኩሮ አየው። ግንባሩን አየ፣ አፍንጫውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«አንጓች የምትባል አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የማውቃት ትሁን ናት፤ ያሳደጓት ሰዎች ያወጡላት ስም ነው፤ የፊተኛውን ራሷም ረስታዋለች። በክፉው ቀን ከድልድይ ላይ በበቅሎ ነው ያመጧት። የእናቷን ስም አታውቅም፤ አንድ ዓይኗ እንደማያይ ግን ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሚስቴ ነበረች።»

«የት ናት?» አለ ይርዳው ብድግ ብሎ።

ገበሬው በአገጩ ከታች የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አመለከተው። «ሐምሌ አቦ ዕለት ቀበርናት።»

ይርዳው ተመልሶ ተቀመጠ። መስከረም ገና መግባቱ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ዞሮ በሁለት ወር ነው የዘገየው ብዬ ልነግራችሁ እችል ነበር። ግን አልዘገየም፤ የሆነው ከዚያ የከፋ ነው።

«እሷስ ታስታውሰኝ ነበር?» አለ።

«ኧረ ምን ስትሠራ የኖረች ይመስልሃል?» ገበሬው ጎጆዋን አሳየው። «እኛ እኮ ከወንዙ ዳር ለም መሬት አለን። ይህን ድንጋያማ ቦታ ወድጄ አልመጣሁበትም። ‹መንገድ ዳር ካልሆነ አልኖርም፤ ወንድሜ የሚያልፈው በመንገድ ነው› አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሰው ከታች በወጣ ቁጥር ውሃ ታጠጣዋለች፣ ትጠይቀዋለች። ስምህን እንኳ ብታውቀው ጥሩ ነበር። ታላቅ ወንድሟን በስሙ የምትጠራ ልጅ የት አለች? ጋሼ ነበር የምትልህ። ስምህን ሳታውቅ ተለያያችሁ። ‹ዶሮ የሰጠኝ ወንድሜ› እያለች ነበር የምትጠይቀው።»

«ዶሮ?»

«አውራ ዶሮ። ከቤት ስትወጡ የተረፋችሁ እሱ ብቻ ነበር አሉ። ሦስት ቀን በብብትህ ይዘኸው መጣህ። እሷን በቅሎ ላይ ሲያስቀምጧት አለቀሰች፤ እንዳትፈራ ብለህ አቀፍካት፣ ዶሮውንም ሰጠሃት። አሳዳጊዎቿ እንዳያርዱት እየለመነች አንድ ዓመት አኖረችው ይባላል።»

ይርዳው ይህን ነገር ጨርሶ ረስቶት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አላስታወሰውም። አሁን ግን የዶሮው ሙቀት ብብቱ ላይ መጣበት። እጁን ብብቱ ሥር ከትቶ ቀረ።

ገበሬው ማውራቱን አላቆመም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ የሚሰማው ሰው አላገኘም መሰለኝ። «ከታች የሚወጣው ሁሉ ይቆምላታል፤ ዳገት ነዋ። ከላይ የሚወርዱት ብስክሌተኞች ናቸው ያስቸገሯት። ‹እነዚህ አገር ለአገር ይዞራሉ፤ ቢቆሙልኝ እነሱ ያገኙልኝ ነበር› ትላለች። ማን ይቆማል! አንዱ ብቻ ጨዋ ነበር። እሱ ዝም ብሎ አያልፋትም፤ ሁልጊዜ ‹ስመለስ እህቴ› ይላታል። በዚያ ሰው በጣም ተስፋ ነበራት። እሱ ባለፈ ቀን እስኪመሽ ከደጃፉ አትነሳም። ‹ይመለሳል፤ ብሎኛል› ትላለች። እኔ ብስክሌተኛ በዚህ አይመለስም ብል እንኳ አትሰማኝም። በግንቦት ስታልፉ በሽታው ጠንቶባት መቆም አቅቷት ነበር። ተሸክሜ አውጥቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኳት።»

ይርዳው ያንን ግንቦት አስታወሰ። ሴትየዋ ያን ቀን እንዳልቆመች፣ ተቀምጣ እጇን ብቻ እንዳነሳች አይቶ ነበር። አይቶ፣ ዛሬ ሰነፈች ብሎ በልቡ ቀልዷል።

«‹ስመለስ› ስላት የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ይርዳው ሰውየው ቢሰድበው፣ ቢመታው፣ ያንን የሚጠርብበትን መጥረቢያ ቢያነሳበት በወደደ ነበር። ገበሬው ግን መጥረቢያውን ከእግሩ አራቀና ቀንበሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

«አሁን እኔ ለየትኛው ላልቅስላት? ላልመጣው ወንድሟ ነው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጣ ላለፋት?»

ይርዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ፤ መቃብሩን አገኘው። አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ የክረምቱ ሣር በቅሎበታል። «አንጓች» ብሎ ጠራት። በዚያ አገር በዚህ ስም የጠራት ሰው እስከዛሬ የለም። ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ በጣቱ ቆጠረ፦ በዓመት ሦስት፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ሃምሳ አራት። ሃምሳ አራት ጊዜ እህቱን አግኝቷታል። ሃምሳ አራት ጊዜም አልፏታል።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ላሳምረው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሴትየዋ ልጅ አልተወችም፤ ይርዳው የሚያቅፈው የእህት ልጅ እንኳ የለም። ገበሬውም የሚስቱን ሙት ዓመት ካወጣ በኋላ መንገድ ዳር የሚቀመጥበት ምክንያት አልነበረውም። ጎጆዋን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ዳር መሬቱ ተመለሰ። ይርዳው ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ መንገዱ ሲጠገን ጎብኚ ይዞ መምጣቱን ቀጠለ።

አሁን ከአምስተኛው ቁልቁለት መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ከብስክሌቱ ወርዶ ይቆማል። አዳዲሶቹ ጎብኚዎች ከኋላው እየደረሱ «መሪያችን ራት ሊጋብዘን ነው!» ብለው ይስቃሉ። እሱ ቆሞ ያዳምጣል። ቦታው ላይ ድንጋይና እሾህ እንጂ ጎጆ የለም፤ የሚጠራውም የለም። ትንሽ ይቆይና ብስክሌቱን እየገፋ ይወርዳል። በእግሩ የሚወርድበትን ምክንያት ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ የተደበቀ አይደለም። ሲደክመን ትሑታን ነን። ስንታመም፣ ሥራ ስናጣ፣ ትንፋሻችን ሲያጥር ያገኘነውን ሁሉ ሰላም እንላለን፤ ስለ ሰውም እንጠይቃለን። ነገር ሲቀናን ግን ንፋሱ ጆሯችንን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ለሚጠራን ሰው ክፉ ቃል አንናገርም፤ ጨዋዎች ነን። «ስመለስ» እንለዋለን። በዳገት ለምነን ያጣነው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ቁልቁለታችን ላይ ነው፤ የዕድሜ መንገድ ደግሞ ለማንም መመለሻ የለውም። ይርዳው ክፉ ሰው አልነበረም። እህቱን ከልቡ ይወዳት ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ፈልጓታል። መውደዱ አላዳናትም፤ አንድ ጊዜ ቢቆም ኖሮ ግን ይበቃው ነበር።

እናንተስ? ነገር በቀናላችሁ በዚህ ሰሞን «ስመለስ» ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው ማን ነው? እስከ መቼስ ደጃፉ ላይ ይቀመጥላችኋል?